ዱቄቱ ከተከራያችን ጋር ያደረበት ሰሞን

ማክሰኞ፣ ሰኔ 3

ይህን መጻፍ ይኖርብኝ እንደሆነ እርግጠኛ አይደለሁም። ደብተሩን የሰጡኝ ጋሼ ናቸው። ያለፈው ዓመት የባንክ አጀንዳ ነው፤ ማንም አልጻፈበትም። "ቀኑ አይገጥምም እንጂ ወረቀቱ ንጹሕ ነው" አሉኝ። እውነትም አይገጥምም፤ ከላይ የታተመውን ሰርዤ የዛሬውን ጻፍኩ። አፌን የሚይዘኝ ነገር እጄን እንደማይዘው በምን እንዳወቁ እንጃ።

ዐሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። ትምህርት ከሰባተኛ ክፍል አቋረጥኩ። አክስቴ ለጠየቃት ሁሉ "ዳቦ ቤቱ ሰው ስላስፈለገው ነው" ትላለች። እኔ ግን የሸሸሁት ቆሞ ማንበብን ነው። ተራዬ ሲደርስ ጉሮሮዬ ይዘጋል፣ ልጆቹ ይስቃሉ፣ መምህሩም ፊታቸውን አዙረው ይስቃሉ። አክስቴ ይህን ታውቃለች። አንድም ቀን አንስታብኝ አታውቅም።

እናቴ ከሞተች ወዲህ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ዳቦ ቤቱን ከአያቴ ነው የወረሰችው። ወደ መንገድ አንድ መስኮት አለው፤ ከመስኮቱ ኋላ ምድጃው፣ ከምድጃው ኋላ የዱቄት ጓዳው፣ ከዚያ ግቢው። ከግቢው ማዶ ባለችው ክፍል ጋሼ ተከራይተው ይኖራሉ። ባንክ ውስጥ መስኮት ላይ ተቀምጠው ገንዘብ ይቀበላሉ፣ ይከፍላሉ። እኔም መስኮት ኋላ ነው የምውለው። ልዩነታችን እሳቸው ሰውን "እንደምን አደሩ" ማለታቸው ነው።

ሥራዬ ሊጥ ማድቦልቦል፣ ምድጃ መጥረግና ኩፖን ማተም ነው። ኩፖናችን ወፍራም ካርቶን ሆኖ የአያቴ ማኅተም አለበት፤ አንዱ ኩፖን አንድ ዳቦ ነው። ሰው ደመወዝ ሲቀበል የሳምንቱን ይገዛና ቀስ እያለ ያመጣዋል። ሰፈራችን ውስጥ ዝርዝር ሳንቲም ስለማይገኝ ግን ኩፖኑ ወደ እኛ ከመመለሱ በፊት ብዙ ይዞራል። ጫማ ሰፊው መልስ በኩፖን ይሰጣል። ከእኛ ፊት ለፊት የምትሸጠው ባለሽንኩርቷ ተቀብላው ጋሪ ገፊውን ትከፍልበታለች። አክስቴም ለምታምነው ሰው ኩፖን ታበድራለች፤ ወር ሲሞላ ትንሽ ጨምሮ ይመልስላታል።

ዛሬ ጫማ ሰፊው ዳቦውን ተቀብሎ በመስኮቱ ጎንበስ አለና "ጭጬ፣ አንቺ የተናገርሽ ቀን መዶሻዬን ጥዬ ነው የምሰማሽ" አለኝ። ሰፈሩ ሁሉ ጭጬ ነው የሚለኝ። ሳቅኩ። ሳቄም ድምፅ የለውም።


ዓርብ፣ ሰኔ 6

ዱቄት ነጋዴው መጥቶ ነበር። የተባባሉትን ሳልረሳው ልጻፈው።

"ከዛሬ ወዲያ ዱቤ የለም እህቴ። እጅ በእጅ ነው።"

"ስንት ዓመታችን ነው ወንድሜ? አጉድዬብህ አውቃለሁ?"

"አንቺ አላጎደልሽም፤ ባንኩ ነው ያጎደለብኝ። ብድርህን አላድስም አለኝ። ለዳቦ ጋጋሪ ሁሉ ከኪሴ ዱቤ ልስጥ እንዴ?"

ሊወጣ ሲል ዞር ብሎ ምድጃውን አየው። "ከደከመሽ ንገሪኝ። ምድጃውን ከነሱቁ ብረከብሽ አልጠላም።"

አክስቴ ሳቀችበት። ከሄደ በኋላ ግን የምድጃውን በር ከፈተችው፣ ዘጋችው፣ እንደገና ከፈተችው። ውስጡ ምንም አልነበረም።


እሑድ፣ ሰኔ 8

እሑድ ከሰዓት ምድጃው ይቀዘቅዛል፤ ቤቱም የሌላ ሰው ቤት ይመስላል። ጋሼ የጓዳውን በር ማጠፊያ ሊጠግኑ መጡ። ማጠፊያው ምንም አልሆነም፤ ትንሽ ሲጮህ ነው። አክስቴ ሻይ አፈላችና ጠርዙ ያረረ ዳቦ አቀረበችላቸው። "ስላረረ ነው፤ ለገበያ አይሆንም" አለች። ጋሼ ያረረ ጠርዝ ይወዳሉ። በየእሑዱ አንድ ዳቦ ያርርብናል።

"ዱቄት ነጋዴው ባንካችሁን ያማል፤ ምን ሆናችሁ ነው?" አለች አክስቴ።

"ደንቡ ተለውጦ ነው" አሉ ጋሼ። "ሰው ባንክ ካስቀመጠው ገንዘብ ላይ የተወሰነው ሳይነካ መቀመጥ አለበት። ምን ያህል እንደሆነ የሚወስነው የባንኮች ሁሉ የበላይ የሆነው ትልቁ ባንክ ነው። እስከ አሁን ከዐሥር አንድ ነበር። ከዚህ ወር ጀምሮ ከአምስት አንድ ሆነ።"

"የሰው አደራ በደንብ ቢቀመጥ ምኑ ይከፋል?"

"አይከፋም። ግን ብድሩ ከየት እንደሚመጣ ይዩት።" ወደ እኔ ዞሩና "ኩፖን አምጪልኝ እስቲ የኔ ልጅ" አሉኝ።

መቶ ኩፖን ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩላቸው። ዐሥሩን ወደ ስኳር ዕቃው ገፉት።

"አንድ ሰው መቶ አስቀመጠ እንበል። ባንኩ ዐሥሩን ይይዛል፣ ዘጠናውን ለዱቄት ነጋዴያችሁ ያበድራል። ነጋዴው ለገበሬው የስንዴውን ይከፍላል። ገበሬው ዘጠናውን ትራሱ ሥር አያስቀምጠውም፤ ባንክ ያስገባዋል። ከዘጠናው ደግሞ ዘጠኙ ይያዛል፣ ሰማንያ አንዱ ለሌላ ሰው በብድር ይሰጣል። እያለ ይሄዳል።"

"የመጀመሪያው ሰውዬስ?"

"እሱ መቶ አለኝ ይላል። ገበሬው ዘጠና አለኝ ይላል። ሁለቱም አልዋሹም።"

"ገንዘቡ ግን አንድ ነው" አለች አክስቴ።

"ጠረጴዛው ላይ ያለው ካርቶን አንድ ነው። ሰዎቹ አለን የሚሉት፣ ነገ ሊገዙበት የሚችሉት ግን መቶ ዘጠና ሆኗል።"

አክስቴ የሻይ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። "ታዲያ ይሄ የእኔ ሥራ አይደለም እንዴ?"

ጋሼ ሳቁ። "የእርስዎ ዳቦ ይሸታል። የእኛ አይሸትም።"

እኔ ጠረጴዛው ላይ በቀረው ዱቄት በጣቴ እየጻፍኩ ስደምር ነበር። መቶ፣ ዘጠና፣ ሰማንያ አንድ። እያነሰ ይሄዳል ግን አያልቅም። "መጨረሻው የት ነው?" አልኩ። ድምፄ ስለወጣ ሁለቱም ዞረው አዩኝ።

"እስከ ሺህ ይጠጋል፤ አያልፍም" አሉ ጋሼ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ። "ከአምስት አንዱ የሚያዝ ከሆነ ግን አምስት መቶ ላይ ይቆማል። ይህም በወረቀት ነው። ሁሉም ሰው ሲበደር፣ የተበደረውም ሁሉ ተመልሶ ባንክ ሲገባ። በኑሮ ከዚያ ያንሳል።"

"ቀሪው አምስት መቶ የት ሄደ?" አልኩ እንደገና።

"የትም አልሄደም። ማንም አልወሰደውም። አልተወለደም፣ ያ ነው።"

ከዚያ አክስቴ ኩፖኖቹን እያየች ጠየቀች። "ያስቀመጡት ሰዎች ሁሉ በአንድ ቀን ስጡን ብለው ቢመጡስ?"

"ሁሉም በአንድ ቀን አይመጡም። ከመጡ ግን ትልቁ ባንክ ያበድረናል።"

"እኔን ማን ያበድረኛል?"

ጋሼ ኩፖኖቹን እንደነበሩ አድርገው ደረደሩልኝ፤ ማኅተሙ ሁሉ ወደ ላይ።


ሐሙስ፣ ሰኔ 12

ቸኩያለሁ። ሊጡ ኩፍ ብሏል።

የአያቴን ደንብ ግን ልጻፈው፤ ሰሞኑን አክስቴ ለራሷ ስትደጋግመው እሰማለሁ። ውጭ ላለ አምስት ኩፖን ጓዳ ውስጥ የአንድ ዳቦ ዱቄት ይኑር። ከዚያ አይውረድ። ጋሼ ሲሰሙ "አያትሽ ትልቁን ባንክ ቀድመውታል" አሉ።

ችግሩ ዱቄቱ ነው። በዱቤ ሲመጣ ጓዳው እስከ ጣሪያ ይሞላ ነበር። አሁን ግድግዳው ይታያል።


ሰኞ፣ ሰኔ 16

ጫማ ሰፊው ብድር ሊጠይቅ መጣ። ቆዳ ሊገዛ ነበር። አክስቴ "ዱቄቴ አንሷል ወንድሜ፤ ኩፖን ብጨምር ደንቡን እጥሳለሁ" አለችው። "ደንብማ ደንብ ነው" ብሎ ሄደ። መዶሻውን እያወዛወዘ ሄደ፤ ግን እንደ ሌላው ቀን አላፏጨም።

እኔ በመስኮቱ ሆኜ ቀኑን ሙሉ ያልተሰጠውን ኩፖን ስከተለው ዋልኩ። ጫማ ሰፊው ከቆዳ ሻጩ አልገዛም። ቆዳ ሻጩ ከባለሽንኩርቷ አልገዛም። ባለሽንኩርቷ አመሻሽ ላይ ያልሸጠችውን ጎመን ውኃ ስትረጨው ነበር። ማንም ከማንም አልሰረቀም። ጋሼ ያሉት ይሄ ነው መሰለኝ። ያልተወለደ ነገር እንዲህ በዓይን ይታያል ብዬ አላሰብኩም።

አክስቴን "አበድሪው" ልላት ፈልጌ ነበር። ደግሞ ደንቡ ትክክል ነው። ሁለቱም ትክክል ሲሆኑ ምን እንደሚባል አላውቅም። ዝም አልኩ፤ ዝም ማለት ለእኔ ሁልጊዜ ቀላሉ ነው።


ረቡዕ፣ ሰኔ 25

ዝናብ፣ ዝናብ። ሌሊቱን ሲጥል አድሮ ጠዋት ጓዳ ስገባ ጣሪያው እያፈሰሰ ነው። አንዱ ጆንያ ሥሩ ረጥቧል። ዱቄት ከረጠበ አለቀለት።

"እትዬ፣ የጋሼ ክፍል ደረቅ ነው" አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት። ይህን ልብ ብዬ እጽፈዋለሁ።

ጋሼ ሥራ ሊወጡ ለባብሰው ነበር። ኮታቸውን አወለቁና ሦስታችን ጆንያዎቹን አንድ በአንድ ግቢውን አሻገርናቸው። አልጋቸውን ግድግዳ አስጠጉ። መጨረሻ ላይ ለእሳቸው የቀረችው ቦታ በር ላይ የምትነጠፍ ምንጣፍ የምታህል ናት።

"እንዴት ሊተኙ ነው?" አለች አክስቴ አዝና።

"ዱቄት አያንኮራፋም። እንስማማለን።"

የግቢው በር ለጆንያው ክፍት ነበር። ከመንገድ ወዲያ ባለሽንኩርቷ ሸራዋን ስትዘረጋ አይቻታለሁ። እሷም አይታናለች።


ሐሙስ፣ ሰኔ 26

ጋሼ ነጭ ሆነው ከክፍላቸው ወጡ። ፀጉራቸው፣ ጆሯቸው፣ የኮታቸው ትከሻ። ትናንት አለቃቸው "የምትሠራው ባንክ ነው ወፍጮ ቤት?" እንዳላቸው ሲነግሩን አክስቴ እስክታለቅስ ሳቀች። ከዚያ ኮታቸውን በመዳፏ አራገፈችላቸው፤ ትከሻውን፣ ጀርባውን፣ እንደገና ትከሻውን። የልብስ ብሩሹ በሩ ጎን ምስማር ላይ ተሰቅሎ ነበር። አላየችውም መሰለኝ።


ቅዳሜ፣ ሰኔ 28

ሽንኩርት ልገዛ ተሻግሬ ነበር። ባለሽንኩርቷ ከጋሪ ገፊው ጋር እያወራች ነው፤ ስደርስ አላቆመችም።

"በዓይኔ አይቻለሁ እልሃለሁ። ጆንያ በጆንያ ወደ ባንክ ሠራተኛው ክፍል ገባ።"

"ዕዳ ይዟት ነዋ። ባንክ እንደሆነ አይራራም።"

"ያን ሁሉ ኩፖን ደግሞ እኔ ይዤ ተቀምጫለሁ።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "ጭጬ፣ እስቲ አንቺ ንገሪን። ባንኩ ዱቄታችሁን ወሰደው አይደል?"

ሦስት ቃል ይበቃ ነበር። ጣሪያው አፍስሶ ነው። አፌን ከፈትኩ። ሁለቱም ያዩኛል፤ ከኋላዬ ደግሞ ሌላ ገዢ ቆሟል። ልክ ትምህርት ቤት ቆሜ እንዳነብ እንደታዘዝኩበት ጊዜ ቃሉ አልወጣም። ሽንኩርቱን አንስቼ ሄድኩ።

"አየህ፣ ዝም አለች" ስትል ከኋላዬ ሰማኋት።

ለአክስቴ ነገርኳት። ሊጥ እየመዘነች ነበር፤ እጇን ሳትጠርግ ጉንጬን ያዘችኝ። "ያፈሰሰው ጣሪያው ነው፤ አንቺ ምን አደረግሽ?" አለችኝ። ፊቴ ላይ ሊጥ ቀረ። እስከ ማታ አላጠብኩትም።


ሰኞ፣ ሰኔ 30

መስኮቱን ስንከፍት ሰልፍ ነበር። እስከ ጫማ ሰፊው ጥግ።

ባለሽንኩርቷ መጀመሪያ ላይ ናት። በመሀረብ የቋጠረችውን ኩፖን መስኮቱ ላይ ዘረገፈችው።

"ለሁሉም ዳቦ ስጪኝ።"

"ይሄን ሁሉ ዳቦ ምን ልታደርጊው ነው እህቴ?"

"እሱ የእኔ ጉዳይ ነው። አለ ወይስ የለም?"

"አለ።"

"እንግዲያው ቁጠሪልኝ።"

ከኋላ ደግሞ ሌሎች፦ "ባንኩ ዱቄቷን ወርሶባታል።" "ሰውየው ግቢዋ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይቆጥራል አሉ።" "እኔ ነጭ ሆኖ ሲወጣ አይቼዋለሁ።"

አክስቴ አላስረዳቻቸውም። "ዳቦ ለጠየቀ ዳቦ እሰጣለሁ። ደግሞ ልማልላቸው?" አለችኝ በጆሮዬ። ትንሽ ኩራት አለባት፤ ሲከፋት ይብስባታል።

ጋገርን። ጋገርን። ክንዴ ዝሏል፤ ጽሑፌ የተንጋደደው ለዚህ ነው።


ማክሰኞ፣ ሐምሌ 1

ዛሬም ያው ነው። ትናንት ያልመጡት የትናንቱን ሰልፍ አይተው መጡ። ኩፖን ተቀብዬ ሣጥን ውስጥ ስከት ዋልኩ። ሣጥኑ ሲሞላ ጆንያው ይጎድላል። ጋሼ እሑድ ጣሪያውን ደፍነውታል፤ ጓዳው ደርቋል፤ ጆንያዎቹን ለመመለስ ግን ፋታ ያገኘ የለም። ከጋሼ ክፍል እያወጣን በቀጥታ ወደ ሊጡ ነው።

አመሻሹ ላይ ግቢ ውስጥ ማገዶ ስሰበስብ ጋሼና አክስቴ ክፍላቸው በር ላይ ቆመው ሲያወሩ ሰማሁ። ሆን ብዬ አይደለም። ማገዶው ብዙ ነበር።

"ያጠራቀምኳት ትንሽ ገንዘብ አለችኝ" አሉ ጋሼ። "ዱቄት ይገዙባት።"

"አይሆንም። እሷም ነገ ብታልቅስ? ሁለታችንም ባዶ እንሁን?"

ጋሼ ወደ ጆንያዎቹ ዞር አሉ። "እንግዲያው ልሂድ። ወሬው የመጣው በእኔ ነው። ከነገ ወዲያ ጠዋት ሻንጣዬን ይዤ በፊት ለፊቱ በር፣ በሰልፉ መሐል ብወጣ፣ ባንኩ ለቀቃት ይላሉ። ይረጋጋሉ።"

"እና ትሄዳለህ?"

"ለሱቁ ሲባል።"

"እንደፈለግህ" አለች አክስቴ።

አክስቴ ጋሼን "አንተ" ስትላቸው ሰምቼ አላውቅም። ተቆጥታ ይሆናል። ገብታ ለነገ የተቦካውን፣ ታሽቶ ያለቀውን ሊጥ እንደገና ታሸው ጀመር። እንዲህ ከታሸ ሊጡ እንደሚበላሽ እሷው ናት ያስተማረችኝ። አልነገርኳትም። ጎኗ ቆሜ እኔም አሸሁ።


ረቡዕ፣ ሐምሌ 2

ዛሬ ጊዜ ስላለኝ ቀስ ብዬ እጽፋለሁ። ዳቦው ከቀትር በፊት አለቀ፤ አክስቴ ሰልፉን "ነገ ኑ" አለችው። እንዲህ ብላ አታውቅም። ሰዎቹ ተያዩ። ነገ ከዛሬ ይብሳሉ።

ጋሼ ክፍል ያለውን ቆጥረናል። በሰፈሩ ያለው ኩፖን ሁሉ ነገ ከመጣ ከሰልፉ ግማሽ ላይ ያልቃል። እንደ ወትሮው ሰው የሚበላውን ብቻ ከወሰደ ግን ከሁለት ሳምንት በላይ ያስኬዳል፤ በዚያ መሐል የተበደሩት ይመልሳሉ፣ አዲስ ጆንያ እጅ በእጅ ይገዛል። ያው ዱቄት ነው። ለአንዱ ይበቃል፣ ለሌላው አይበቃም። የሚለየው ሰዎቹ ነገ ጠዋት የሚያስቡት ነገር ነው።

ዱቄት ነጋዴው ከመንገዱ ማዶ ቆሞ ሲያይ ነበር። ሰልፉ ሲበተን መጣ። "ነገ ማታ መጥቼ ስለ ምድጃው እንነጋገር?" አለ። ድምፁ ክፉ አልነበረም። አክስቴ "ና" አለችው።

ከዚያ ከጎኔ ተቀመጠች። "ምድጃውን ከሰጠነው አጎትሽ ጋ እልክሻለሁ። ሚስቱ ጥሩ ሰው ናት። እኔ የሰው ቤት ጋግሬም ቢሆን እኖራለሁ።"

"እትዬ" አልኩ። ሌላ አልመጣልኝም። ፀጉሬን በጣቶቿ አበጠረችልኝ፤ ልጅ ሳለሁ እንደምታደርገው፣ ቋጠሮውን ሳትጎትት።

ማዶ የባለሽንኩርቷ ዳቦ ሸራው ላይ ተከምሯል። ደርቋል። በግማሽ ዋጋ ውሰዱልኝ ብላ ትለምናለች፤ ሁሉም ቤቱ ዳቦ ስላለው የሚገዛት የለም። አንዱን ጉልበቷ ላይ ልትሰብረው ስትታገል አየኋት። ኩፖኗን ብትይዘው ኖሮ ነገም ከነገ ወዲያም ትኩስ ትበላበት ነበር። ልጠላት ፈልጌ ነበር፤ አልቻልኩም። ፈርታ ነው። ጠይቃኝ ነበር። መልስ ያጣችው ከእኔ ነው።

ጫማ ሰፊው ብቻ እንደ ወትሮው አንድ ኩፖን ይዞ መጥቶ ነበር። "አንድ ዳቦ። የቀረው ኪሴ ይቆይ፤ ኩፖን አይሻግትም" አለ። ብድር ተከልክሎ እንኳ። ሰልፈኛው ሳቀ፤ ግን ማንም ከሰልፉ አልወጣም። ቀልደኛ ስለሆነ ነው። ሰው ቀልደኛን ይወደዋል እንጂ በቃሉ ተማምኖ አይወስንም።

አክስቴ "አለኝ" ብትል "የጨነቀው ሰው ሌላ ምን ይላል" ይሏታል። ጋሼ ቢናገሩ የባንክ ሰው ናቸው። እነሱን ትቼ ሌላ ማን አለ ብዬ ሳስብ ጫማ ሰፊው ስለ መዶሻው ያለኝ ትዝ አለኝ። ያን ጊዜ ስቄ ነበር። አሁን ግን አልሳቅኩም፤ የቀረሁት እኔ ነኝ።

ከሰባተኛ ክፍል ወዲህ ለሰው ልናገር የነበረውን ስንቱን ውጬዋለሁ። ቆጥቤ ያስቀመጥኩ ይመስለኝ ነበር። ግን የትም አልተቀመጠም። ማንም አላገኘውም፣ ማንም አልተቀባበለውም።

ስለዚህ ወደ ምድጃው ዞሬ ተለማመድኩ። ምድጃው አይስቅም። የምለው ይህ ነው፦ "ጣሪያችን አፍስሶ ዱቄቱን ወደ ጋሼ ክፍል አሻገርነው። ባንኩ አልወሰደውም። አሁን ጣሪያው ተደፍኗል፣ ዱቄቱን እየመለስን ነው። የሁላችሁም ኩፖን በአንድ ቀን ከመጣ አንችልም፤ ችለንም አናውቅም። የምትበሉትን ያህል ከወሰዳችሁ ግን ለሁላችሁም ይበቃል።" ስለማንችለው ያለውን ልተወው ወይ ብዬ ነበር። አልተውም። እሱን ከደበቅኩ ቀሪውን ለምን ያምኑኛል?

ለሦስተኛ ጊዜ ስለው ድምፄ ከምድጃው ተመልሶ ተሰማኝ። የማላውቀው ሰው ድምፅ መሰለኝ። መጥፎ አይደለም።

ጋሼ ሻንጣቸውን በሩ ላይ አቁመውታል፤ ከዚህ ሆኜ ይታየኛል። ላዩ ላይ ዱቄት አለ። አክስቴ ከጠዋት ጀምሮ በግቢው በኩል አላለፈችም፤ ማገዶ እንኳ እኔን ነው የላከችኝ። ነገ እሑድ አይደለም፤ ግን አንድ ዳቦ ምድጃው ጥግ ትታ ስታሳርረው አይቻለሁ። ረስታው ይሆናል።

ነገ መስኮቱ ኋላ አልቀመጥም። ሰልፉ ሲያዝ በመንገዱ በር እወጣለሁ፤ መጀመሪያ የማየው ጫማ ሰፊውን ነው፣ ከዚያ ባለሽንኩርቷን፣ ከዚያ እናገራለሁ። ቢይዘኝ እንደገና ከመጀመሪያው እጀምራለሁ። ከዚያ በፊት ግን ጎሕ ሲቀድ ጋሼ በር ላይ እቆምና "ጋሼ፣ ዱቄቱን ወደ ጓዳው እንመልሰው፤ በግቢው አይደለም፣ በመንገዱ ዞረን፣ ሰው ሁሉ እያየ" እላቸዋለሁ። የመጀመሪያውን ጆንያ አንዱን ጫፍ አስይዛቸዋለሁ፤ ሌላውን ጫፍ አክስቴ ትይዛለች። ጆንያ ሁለት እጅ ይፈልጋል። ሻንጣ የሚይዙበት አይተርፋቸውም።